ከደጅ የቀረች አራስ

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ ነጭ ለብሳ የምትቆመውን ሴትዮ የማያውቅ የጅቡቲ ሐበሻ የለም። ስሟ የውብዳር ነው፤ እኔ እትዬ የውብዳር እላታለሁ። ዝናብ እዚህ አገር ከስንት አንዴ ስለሆነ በዝናብ ቆመች ብዬ አላጋንንም። በሐምሌ ፀሐይ ግን፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ሙቀት፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ስትቆም በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ መኪናውን ነፃ የንግድ ቀጠናው በር ላይ አቁሞ ሊያስቀድስ የመጣ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እኔ የምለው፣ እኚህ ሴትዮ መቼ ነው የሚነጹት?» አለኝ። በየወሩ በመጣ ቁጥር እዚያው ቆማ ስለሚያገኛት ነው። እኛ ዘንድ የበላ፣ የወር አበባ ላይ ያለች፣ የወለደች ሴት ከደጅ ነው የሚያስቀድሱት፤ እሱም ከነዚህ አንዱን ገምቷል።

«አራስ ናት» አልኩት።

ሽበቷን አየና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነቴን ነበር።

ሰብሊ እባላለሁ። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር በርበሬ፣ ሽሮ፣ የስልክ ካርድና የፀጉር ቅባት እሸጣለሁ። የእትዬ የውብዳር የስፌት መኪና ያለው ከሱቄ በረንዳ ላይ ነው። ቀሚስ ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የቤተ መቅደሱን መጋረጃ የምትሰፋውም እሷ ናት። የሰፋችው መጋረጃ ከታቦቱ ፊት ይሰቀላል፤ ሰፊዋ ከኒም ዛፍ ሥር ትቀራለች። ይህን ነገር ለሰበካ ጉባኤው ሰዎች በተናገርኩ ቁጥር ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል። ይሁን።

አባቷ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሷም የተወለደችው እዚሁ ነው። በወጣትነቷ ሮብሌን ወደደች። ሮብሌ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ ሶማሌ ነበር። ሳቂታ ነው፤ አማርኛን ከሐበሻ ሾፌሮች የለቃቀመ ስለሆነ ስድቡን ያወቀው ከሰላምታው በፊት ነው ትል ነበር እናቴ ሻሼ፣ ነፍሷን ይማርና። ተጋቡ። የእሷም ወገን አኮረፈ፣ የእሱም ወገን አኮረፈ። ሁለቱን ያላኮረፈች የሮብሌ እኅት ናዒማ ብቻ ነበረች።

ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ቀኑ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነበረች። የአባቱ ቤተሰብ ዑመር አሉት። የውብዳር ግን እያጠባች በጆሮው «ኃይለማርያም» ትለው ነበር። የክርስትና ስም ከጥምቀቱ ጋር በቄስ አፍ ነው የሚወጣው፤ እሷ ቸኮለች። እናት ቸኮለች ተብሎ አይፈረድም።

አርባ ቀኑ ሲሞላ ልጁን ነጭ አልብሳ፣ ማዕተቡን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ አራሷ ልጇን ታቅፋ ከደጅ ትቆማለች። ቄሱ ይወጡና የመንጻቷን ጸሎት ያነቡላታል፤ ከዚያ ከነልጇ ወደ ውስጥ ያስገቧታል። የክርስትና አባት እንዲሆን ጎረቤቷን ደምመላሽን ለምና ነበር፤ ያኔ ገና ጎረምሳ ነው። ልጁን ከእጇ ተቀብሎ አጠገቧ ቆመ።

የዚያን ጊዜው ቄስ ቄስ ዘውዱ ይባላሉ። ሞተዋል፤ አንቱ የምላቸው ለቆባቸው ስል ነው። ወጡና ልጁን አዩ፣ ከአጥሩ ውጭ የቆመውን ሮብሌን አዩ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ «ከእስላም የወለድሽውን እዚህ ታመጪያለሽ? አባቱ ሳይጠመቅ ልጁ አይጠመቅም!» አሏት። መስቀል ልትሳለም ጎንበስ ስትል መስቀሉን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ግንባሯ አየር ላይ ቀረ ትል ነበር እናቴ። ደምመላሽም ልጁን መልሶ አስታቀፋትና ወደ ውስጥ ገባ።

የመንጻቱ ጸሎት ያን ቀን አልተነበበም። ከዚያም ወዲህ አልተነበበም። ለዚህ ነው ሾፌሩን አራስ ናት ያልኩት።

ድሬዳዋ ወስጄ ዘመዶቼ ዘንድ አስጠምቀዋለሁ ብላ ነበር። የያኔው ባቡር ደግሞ ሲፈልግ የሚሄድ፣ ሲፈልግ መንገድ ላይ የሚያድር ነው። ዛሬ ነገ ስትል የበጋው ንዳድ ገባ፤ አቧራውን ተሸክሞ የሚመጣው ያ የእሳት ነፋስ። ልጁ አተኮሰው። ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ከሐኪም ቤት ተመልሶ እቅፏ ላይ ሞተ።

እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። ቄስ ዘውዱ «ያልተጠመቀ ፍትሐት የለውም፤ ከመቃብራችንም አያርፍም» አሏት። ፍትሐት የሌለበት ለቅሶ ላይ እድርም አይደርስም፤ ድንኳን አልተተከለም፣ ደጇ ላይ አንድም አግዳሚ ወንበር አልወጣም። እዚያው ሰፈር ውስጥ የታወቁ ለቅሶ ደራሾች ነበሩ፤ የማያውቁት ሰው ሞተ ሲባል እንኳ ደረት የሚመቱ። አንዳቸውም አልመጡም።

የመጣችው ናዒማ ናት። ከሴቶቿ ጋር መጥታ ልጁን አጠበችው፣ ገነዘችው፣ ወንዶቹም ተሸክመው ወደ ባልባላ በሚወስደው መንገድ ካለው የእስላም መቃብር ወሰዱት። ሴት ቀብር አጅባ ስለማትሄድ የውብዳር ከበሯ ላይ ቀረች። በኋላ ናዒማ ተደብቃ ሄዳ አየችና፣ «ከግንቡ ጥግ ነው፤ ትንሽ ድንጋይ አለው» አለቻት። የውብዳር ራሷ ግን አንድም ቀን አልሄደችም። «አንገቴ ላይ ማዕተብ አስሬ በሰው መቃብር ብገባ በናዒማ ላይ ነገር ይነሳባታል» ትላለች። በየዓመቱ ሄዳ ውኃ የምታፈስለት ናዒማ ነበረች።

ሮብሌ ከዚያ በኋላ ዓይኗን ማየት አቃተው። ከባሕሩ ማዶ ታጁራ ሄደና ሌላ አገባ። አልፈርድበትም፤ የምፈርድባቸው በቂ ሰዎች አሉኝ።

እሷ ግን በሚቀጥለው እሑድ መጥታ፣ ያን ቀን ከቆመችበት ቦታ ቆመች። ቄስ ዘውዱ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ሌላ ቄስ መጣ፣ ሌላም መጣ። ማንም አትግቢ አላላትም፤ ማንም ግቢ አላላትም። ሠላሳ ዓመት ግድም እንዲህ አለፈ።

ባለፈው ዓመት ቀሲስ መልአኩ ተመደቡልን። ከአዲስ አበባ በባቡር መጥተው ናጋድ ጣቢያ ሲወርዱ ልንቀበል ሄደን ነበር። ገና ወጣት ናቸው፤ ቀጭን፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «እናንተ እዚህ እንዴት ነው የምትኖሩት?» ሲሉን ወደድኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ ከኒሟ ሥር የምትቆመውን ሴት ጠየቁ።

የጠየቁት ደግሞ ደምመላሽን ነው። ያ ጎረምሳ ዛሬ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀመንበር ነው፤ የዕቃ ማስተላለፊያ ቢሮ አለው፣ ምኒልክ አደባባይ ካፌ ተቀምጦ የከተማውን ሐበሻ ሁሉ ጉዳይ ይጨርሳል። ለቀሲስ ግን፣ «ከድሮ ቄስ ጋር ተቀያይማ ነው አባታችን፤ የቆየ ነገር ባይነካካ ጥሩ ነው» ብቻ አላቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይሄኛው ግን የረሳም አይመስለኝም፤ አውቆ ዘለለው እንጂ።

ቀሲስ አልተዉትም፤ አንድ ቄስ በሕዝብ ፊት መስቀል እንደነፈጓት ብቻ ከአሮጊቶቹ ሰሙ። አንድ ከሰዓት ሱቄ ድረስ መጡ። እትዬ የውብዳር ጨርቅ ከመርፌው ሥር እያስገባች ነበር፤ ስታያቸው ብድግ አለች።

«ይቀመጡ እማማ» አሏት። «እኔ ነኝ መቆም ያለብኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። የእኛ ሰው፣ ካህን፣ በድሎዎታል። እሳቸው የሉም፤ እኔ አለሁ። በሕዝብ ፊት በቤተ ክርስቲያን ስም ይቅርታ ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ። ከዚያ በላይ ምን ላድርግልዎ?»

መርፌው ሥር የቀረውን ጨርቅ አወጣች። ከዚያ እንደ ሕፃን አፈር ብላ፣ «አባቴ፣ ልጅ ነበረኝ። ሞቶብኛል። ከቅዳሴ በኋላ የሙታን ስም ሲጠራ፣ የሱን ስም አብረው ቢጠሩልኝ» አለች።

«ይኼማ ምን አላት! የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ኃይለማርያም።»

«የፊታችን እሑድ እጠራዋለሁ፤ ከሁሉም አስቀድሜ» አሉና ባረኳት።

እሷ አልዋሸችም። የክርስትና ስሙን ጠየቋት፣ ያላትን ነገረቻቸው። እሳቸውም አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል፤ የክርስትና ስም ያለው ሁሉ የተጠመቀ ነው፣ ይህን የማያውቅ ቄስ የለም። እኔ ግን እዚያው በርበሬ እየመዘንኩ ሰምቼ ሚዛኑን አስቀመጥኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩና ፊቷን አየሁት። እንዲያ ያለ ፊት እሷ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። አፌን ዘጋሁት።

ያን ሳምንት እትዬ የውብዳር ሌላ ሰው ሆነች። የሰው ሥራ አስቀምጣ ለራሷ ቀሚስ ሰፋች። በዝግታ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ናዒማ እንደ ልማዷ ዓርብ ከሰዓት ሻይ ልትጠጣ መጣች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት በምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ ዓይኗም ደክሟል። ነገሩን ስትሰማ ምርኩዟን ጥላ አቀፈቻት።

«አባዮ» አለቻት፤ በእነሱ ቋንቋ እኅቴ ማለት ነው። «እኔም ልምጣ? ከበር ውጭ እቆማለሁ።»

«ከበር ውጭማ የኔ ቦታ ነው» አለች የውብዳር እየሳቀች። «ግን ጥላው ለሁለት ይበቃል።»

ቅዳሜ፣ የዕለቱ ጫት ከመጣ በኋላ፣ ሰው ሊቅም ገብቶ ከተማው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ቀሲስ መልአኩ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የክርስትና አባቱም እሑድ አብሮ ይቁም ብለው ማን እንደነበር ሲያጠያይቁ ደምመላሽ ጋ ደረሱ። ደምመላሽም መሸሻ ሲያጣ ሁሉንም ነገራቸው። አዲስ አበባ ስልክ ደውለው ታላላቆቻቸውን ለምነዋል፤ መልሱ አንድ ነው፤ ሥርዓት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነባቸው።

«እማማ» አሉ። «ተጠምቋል ብዬ ነበር ቃል የገባሁት። ያልተጠመቀ ሰው ስም... በዚያ ጸሎት መጥራት አልችልም። ሥልጣኑ የኔ አይደለም።»

እትዬ የውብዳር እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። የሰፋችው አዲስ ቀሚስ ጭኗ ላይ ነበር፤ ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ይዤው መጥቼ ነበርኮ አባቴ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እዚያው ደጅ ድረስ ይዤው መጥቻለሁ። አታጥምቁት ያልኩ እኔ ነኝ? የከለከላችሁ እናንተ፣ አልተጠመቀም ብላችሁ ስሙን የማትጠሩ እናንተ። ታዲያ ልጄ ምን ያድርግ?»

ቀሲስ የሽሮ ጆንያዬ ላይ ተቀመጡና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ያላለቀሰችው እሷ ብቻ ናት። ውኃ ቀድታ ሰጠቻቸው፤ «ይጠጡ፣ ሙቀቱ ለርስዎ አዲስ ነው» አለች።

እሑድ ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። ከቅዳሴው በፊት ቀሲስ መልአኩ ካባቸውን ደርበው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ዲያቆናቱን አስከትለው እስከ ደጁ ወጡ። ከኒሟ ሥር፣ ጠጠሩ ላይ፣ ከእትዬ የውብዳር እግር ሥር ተንበረከኩ። «ይህች ቤት በድላዎታለች። እኛ ካህናቱ በድለንዎታል። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉን» አሉ፤ ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው እስከ መንገዱ ተሰማ።

ሴቶቹ እንባቸውን ዘረገፉ። ደምመላሽ ራሱ ከኋላ ቆሞ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ናዒማ ምርኩዟን ተደግፋ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። እትዬ የውብዳር ጎንበስ ብላ ቀሲስን በክንዳቸው ይዛ አነሳቻቸው፤ መስቀሉንም ዘረጉላትና ተሳለመች። ያ ግንባር ያን ያህል ዘመን ቆይቶ መስቀል ነካ። እልል ተባለ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አለች። «እኔ ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ።»

ከዚያ ቀሲስ መጽሐፋቸውን ገለጡ። «የቀረብዎትን ጸሎት አነብልዎና እጅዎን ይዤ አስገባዎታለሁ» አሏት። እጃቸውን ዘረጉ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። እሷም ተራመደች፤ በሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ሁለት እጆቿን አየቻቸው።

«አራስ የምትገባው ልጇን ታቅፋ ነው» አለች። «ባዶ እጄን አልገባም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ።»

ተመልሳም ከኒሟ ሥር ቆመች። ቅዳሴው ተቀደሰ። ሲያበቃ የሙታን ስም ተጠራ፤ ሾፌሮች፣ አሮጊቶች፣ በባሕሩ የቀሩ ስደተኞች። አንገቷን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ያውም እንደማይጠራ ተነግሯት። ተስፋ እንዲህ ክፉ ነገር ነው።

ሕዝቡ ዳቦ ቆርሶ፣ ታሪኩ በሰላም ተዘጋ ተባብሎ ሲበተን ቀሲስ ወጡ። ካባቸውን አውልቀው በተራ ቀሚስ ነበሩ።

«እማማ፣ መቃብሩ ጋ ልሂድ። ጸሎት አይደለም፤ ፍትሐትም አይደለም። ስሙን ብቻ እጠራዋለሁ። ሰውን በስሙ መጥራት ማንም አልከለከለኝም።»

ናዒማ ሳትፈራ፣ «እኔ አሳያችኋለሁ» አለች። የወሰደን ደምመላሽ ነው በመኪናው። መቃብሩ በር ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ፤ መሪውን ይዞ እዚያው ቀረ። ማንም ውረድ አላለውም። ለዘበኛው ናዒማ በሶማሊኛ ተናገረች፤ ሽማግሌው እኛንም፣ የቄሱን ቆብም አየና እጁን አወዛውዞ አሳለፈን።

ናዒማ ምርኩዟን እየተከለች ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደችን። ቆመች። ትንሽ ወደ ግራ ሄደች። ተመለሰች። ጎንበስ ብላ አንድ ድንጋይ ዳሰሰች፣ ተወችው፣ ሌላ ዳሰሰች።

ያ ትልቁ ዝናብ ከተማውን ያጥለቀለቀ ዓመት እዚህም ጎርፍ ገብቶ ኖሯል። ትንንሾቹ ጉብታዎች ተጠራርገዋል፤ ድንጋዮቹ ግንቡ ሥር ተከምረዋል። ናዒማ ከዚያ ዓመት ወዲህ በጉልበቷ ምክንያት መጥታ አታውቅም።

«እዚህ ነበር» አለች። «ወላሂ እዚህ ነበር።» ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። «አባዮ፣ አጠፋሁብሽ። አንድ ልጅ አደራ ሰጥተሽኝ አጠፋሁብሽ።»

እትዬ የውብዳር አጠገቧ ቁጭ ብላ ራሷን ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። «አንቺ ነሽ ያጠብሽልኝ» አለቻት። «አንቺ ነሽ ውኃ ያፈሰስሽለት። ዝም በይ።»

ቀሲስ መልአኩ በድንጋዮቹ መሐል ግራ ተጋብተው ቆሙ። «በየትኛው ላይ ቆሜ ልጥራው እማማ?»

እሷ የመቃብሩን ስፋት አየች። ከወዲያ ማዶ የጭነት መኪናዎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«ከዚሁ ይጥሩት» አለች። «እናት ልጇን ስትጠራ የት እንዳለ አውቃ ነው? ከበሯ ቆማ ነው የምትጣራው። ጮክ ይበሉ።»

ቀሲስ ቆባቸውን አወለቁ። በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበቡና፣ «ኃይለማርያም!» ብለው ተጣሩ።

ያን ስም ከእሷ በቀር በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዘበኛው ከጥላው ቀና አለ። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ናዒማ በተቀመጠችበት፣ በለሆሳስ፣ «ዑመር» አለች።

እትዬ የውብዳር ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ሁለት እጆቿን ወደ ፊት አድርጋ፣ ልክ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው፣ ጠበቀች። ቆየች። ከዚያ ወደ ቀሲስ ዞር አለች።

«አንዴ ይድገሙልኝ» አለች። «ትንሽ ልጅ ነው፤ አንዴ ሲጠራ አይመጣም።»